ሳላነብ አልፈርምም

ባለፈው ሳምንት ስለ ደም ግፊት መድኃኒት አወሳሰድ ተጨዋውተን ነበር። ዛሬ ከክኒን ራቅ የሚል፣ ግን ብዙ ቤት እየገባ ያለ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ልጆቻችን ከውጭ አገር የኪነ ጥበብ ቡድኖች ጋር አብረው ለመሥራት ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች ገንዘብ ሲያመለክቱ የእኛ የወላጆችና የአያቶች ድርሻ ምንድነው?

ነገሩ የተነሳው በእኔው ሳሎን ነው። ባለፈው ወር አንድ እሁድ ከቡና በኋላ የልጄ ልጅ አራት ጓደኞቿንና አንድ ላፕቶፕ ይዛ ገባች። እዚሁ ወላይታ ሶዶ ተሰባስበው ዘፈንና ውዝዋዜ የሚለማመዱ ልጆች ናቸው። በስልክ የቀረጹትን ልምምድ አይቶ የወደደላቸው አንድ አነስተኛ የዳንስ ቡድን እንግሊዝ አገር አለ። ሁለቱ ቡድኖች አንድ ትርኢት በጋራ ሊሠሩ፣ ለዚህም ማመልከቻ ሊያስገቡ ተስማምተዋል። ማመልከቻው ሊዘጋ የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር።

“እማማ፣ አንድ ፊርማ ብቻ ነው የምንፈልገው” አለችኝ የልጄ ልጅ።

ደብዳቤው ተዘጋጅቶ አልቋል። ከግርጌው “የማኅበረሰቡ ተወካይ” ተብሎ ስሜ ተጽፏል። መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። የአካባቢው እናቶችና ሽማግሌዎች ዜማቸውና ጭፈራቸው በዚህ ሥራ ላይ እንዲውል በሙሉ ልብ ተስማምተዋል ይላል።

“የትኞቹ እናቶች? ማን ጠየቃቸው?” አልኩ።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው “ሲስተር፣ እንዲሁ ይጻፋል፤ ፎርሙ ስለሚጠይቅ ነው” አለኝ።

እኔ ነርስ ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ታካሚ ቀዶ ጥገና ክፍል ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚደረግለት ተነግሮት፣ ጠይቆ፣ ገብቶት ካልፈረመ በቀር አልጋው ከቦታው አይንቀሳቀስም። ሳይጠየቅ ተስማምቷል ብሎ የፈረመለት ሰው ቢኖር እሱ ወንጀለኛ ነው። ስለዚህ እስክሪብቶውን መልሼ ሰጠኋቸውና “ሳላነብ አልፈርምም፤ ሙሉ ማመልከቻውን አምጡት” አልኳቸው። ያ እሁድ እስከ ምሽት ዘለቀ።

መቼም ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ትጠይቁ ይሆናል። ሰጪዎቹ ብዙ ናቸው። ዩኔስኮ የባህል አገላለጾች ብዝኃነትን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2005 በጸደቀው ስምምነት መሠረት ያቋቋመው ዓለም አቀፍ ፈንድ አለው። አገራችንም የዚህ ስምምነት አባል ናት። ፈንዱ ለአንድ ፕሮጀክት እስከ 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ይሰጣል። የሥራው ጊዜም ከ12 እስከ 24 ወራት ነው። ማመልከቻው የሚያልፈው በየአገሩ ባለው የዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን በኩል ሲሆን ገንዘቡ ለግለሰብ አይሰጥም፤ ለአንድ ጊዜ ድግስ ወይም ፌስቲቫልም አይውልም። የጀርመኑ ጎተ ተቋም ደግሞ በጀርመንና በሌላ አገር ባለሙያዎች መካከል በጋራ ለሚሠራ ሙዚቃ፣ ቲያትርና ዳንስ የተለየ ፈንድ አለው። ብሪቲሽ ካውንስልም የምሥራቅ አፍሪካና የእንግሊዝ አርቲስቶች ተጣምረው እንዲያመለክቱ የሚጠይቁ ጥሪዎችን ሲያወጣ ቆይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ገንዘብ ምጽዋት አይደለም። የልጆቹ ማመልከቻ የመጀመሪያ ገጽ ስለ ድህነታችን ነበር፤ ሥራ አጥነቱ፣ የመሬት ጥበቱ፣ የስደቱ ነገር ተደርድሯል። ውሸት የለበትም። ነገር ግን ታካሚ “አሞኛል” ስላለ ብቻ መድኃኒት አይታዘዝለትም። የት እንዳመመው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን እንደሞከረ ይጠየቃል። ሰጪውም ምን ልትሠሩ ነው፣ ከማን ጋር፣ እናንተ ምን ታመጣላችሁ፣ እነሱስ ምን ያመጣሉ፣ ሲያልቅ ምን ይቀራል ብሎ ነው የሚጠይቀው። ልጆቹን “እንግሊዞቹ የሌላቸው፣ እናንተ ያላችሁ ምንድነው?” ስላቸው ፊታቸው በራ። ጊፋታን ማስረዳት ጀመሩ። መስከረም 14 እና 20 መካከል በምትውለው እሁድ የሚብተውን የወላይታን ዘመን መለወጫ፣ የወጣቶቹን ጭፈራ፣ በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ የሚሸመነውን ዱንጉዛ። “በሉ፣ ይህንን መጀመሪያው ገጽ ላይ አድርጉት” አልኳቸው።

እንዲህ ያለ ጥምረት ፍሬ ያፈራበትን ታሪክም ነገርኳቸው፤ የጀመረው ከእኛ ከጤና ሰዎች ሰፈር ስለሆነ ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ካርሜላ ግሪን አባተ መንታ የወለዱ ችግረኛ ቤተሰቦችን የሚረዳ ጀሚኒ ትረስት የተባለ ድርጅት መሥርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም መጥቶ ከችግረኛ ቤተሰብና ከጎዳና የመጡ ልጆችን አሠለጠነ። አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን የተወለደው ከዚያ ነው። ከልጆቹ መካከል ጁነይድ ጀማልና አዲሱ ደምሴ እ.ኤ.አ. በ2009 ለንደን በሚገኘው በታዋቂው ሳድለርስ ዌልስ ቲያትር “ዴስቲኖ” በተሰኘው ትርኢት ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ አገራቸው ላይ በዚሁ ስም የራሳቸውን የዳንስ ኩባንያ አቋቋሙ። ልብ በሉ፣ ከ1996 እስከ 2014 አሥራ ስምንት ዓመት ነው። አንድ ማመልከቻ ያመጣው ነገር አይደለም። የውጭው ሰው መጥቶ ሲሄድ ሙያው እዚህ ስለቀረ ነው።

ወደ ሳሎናችን ልመልሳችሁ። ቀጥለን በጀቱን ከፈትን። እኔ በሥራ ዘመኔ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የገባና የወጣ ነገር ካልተመዘገበ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከእንግሊዝ ለሚመጣው አሠልጣኝ የቀን ክፍያ አለ፣ የአውሮፕላን ትኬት አለ፣ የሆቴል አለ። ለእኛዎቹ ልጆች የውሎ አበል አለ። ወደ ታች ስወርድ “ዜማ የሚያስተምሩ እናቶች” ከሚለው ፊት ለፊት ዜሮ ተጽፏል። “የዱንጉዛ ሸማኔ” ከሚለውም ፊት ለፊት ዜሮ። ከጎኑ “የማኅበረሰብ አስተዋጽኦ” ይላል።

ማኅበረሰብ በጉልበቱና በዕውቀቱ ማዋጣቱ ነውር የለውም፤ እኛ አገር ሲኖር የኖረው በዕድርና በደቦ ነው። ሰጪዎችም እንዲህ ያለውን መዋጮ በበጀት ላይ ዋጋ ተተምኖለት ማየት ይወዳሉ። ነገር ግን ሸማኔው ሳይጠየቅ የሳምንት ሥራው “በነጻ” ተብሎ ከተጻፈ መዋጮ መሆኑ ቀርቶ ንጥቂያ ይሆናል። “የእንግሊዙ አሠልጣኝ ላወቀው ነገር ይከፈለዋል። እናታችን ላወቁት ነገር ለምን ዜሮ?” አልኩ። መልስ የሰጠኝ የለም፤ ግን የልጄ ልጅ ዜሮውን አጠፋችው።

ስለ ብርም አንድ ምክር ሰጠኋቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የተሠራ በጀት ከስድስት ወር በኋላ ያው ዕቃ ላይገዛ እንደሚችል ሁላችንም ገበያ ላይ አይተናል። ስለዚህ ለዋጋ ጭማሪ የሚሆን መጠባበቂያ ሰጪው የሚፈቅድ ከሆነ ከመጀመሪያው ይያዝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የትርኢቱ መክፈቻ ምን እንደሆነ ስጠይቅ አንደኛው ልጅ ስልኩን አውጥቶ አሰማኝ። የአንዲት እናት ድምፅ ነው። ወዲያው አወቅሁት። ጎረቤቴ ናቸው፣ ሰማንያን ያለፉ እናት። ዜማው የወንድማቸው ለቅሶ ላይ ያወረዱት ነበር። ልጁ ለቅሶ ቤት ሆኖ በስልኩ ቀርጾት ኖሯል። እንግሊዞቹ ሰምተውት እንባ ተናንቋቸው “በዚህ እንክፈት” ብለዋል። ማመልከቻው ውስጥም “ጥንታዊ የለቅሶ ዜማ” ተብሎ ገብቷል። የእናታችን ስም ግን የትም የለም።

በማግስቱ ስድስት ሆነን ሄድን። ቡናቸውን አፍልተው ጠበቁን። ልጁ አፍሮ ስልኩን ከኪሱ ማውጣት አቃተው፤ እኔ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

“ያ እኮ የወንድሜ ነው” አሉ። “ለእሱ ያለቀስኩትን ለጭብጨባ አልሰጥም።”

ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። ያን ዜማ ካወጡ እንግሊዞቹ ሊቀሩባቸው እንደሚችሉ ያውቃሉ። የሁለት ዓመት ሕልማቸው በአንድ ስኒ ቡና ላይ ሊፈርስ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ሆዴ ባባ። “ፈርሜላቸው ቢሆን ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?” የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ። ይህን የምናዘዘው እናንተም በቦታው ብትሆኑ ሽው ሊልባችሁ ስለሚችል ነው።

እናታችን ሁለተኛውን ስኒ ከቀዱ በኋላ ግን ራሳቸው ቀጠሉ። “የደስታ ዘፈን የለንም እንዴ? የጊፋታውን ላስተምራችሁ። ግን በስልክ አይደለም፤ እዚህ ቁጭ ብላችሁ ነው የምትማሩት። እንግሊዞቹም ከመጡ እዚሁ ይቀመጡ።”

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ባጸደቀው፣ አገራችንም በፈረመችው የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነት መሠረት አንድ ቅርስ በዓለም መዝገብ ሲገባ የባለቤቱ ማኅበረሰብ አስቀድሞ በነጻ ፈቃዱና ነገሩን አውቆ መስማማቱ ይጠየቃል። የሲዳማው ፍቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲመዘገብም ይህ ግዴታ ነበረበት። እናታችን ስምምነቱን አላነበቡም። ነገር ግን ሕጉ በብዙ ገጽ የሚለውን እሳቸው በሁለት ስኒ ቡና ጨረሱት።

በዚያው ሌሊት ልጆቹ ለእንግሊዞቹ ጻፉ። ምንም አልደበቁም፤ ዜማው ከየት እንደተወሰደ፣ ባለቤቷ እንዳልፈቀዱ፣ በምትኩ ምን እንደቀረበ። አራት ቀን መልስ አልመጣም። በአራቱ ቀን የልጄ ልጅ እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። በአምስተኛው ቀን መልሱ መጣ። ዜማውን ከራሳቸው ቅጂ ላይ እንደሰረዙትና ለእናታችን ይቅርታ እንዲነገርላቸው ጠይቀው፣ ለሚያስተምሩበት ጊዜ የሚከፈላቸው ከእንግሊዙ አሠልጣኝ የቀን ክፍያ ጋር እኩል ይሁን ብለው ነበር። ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ተላከ። ደብዳቤው ላይም ፈረምኩ፤ አሁን እውነት ስለሆነ።

በመካከሉ ሌላ ጣጣም ነበር። ከልጆቹ የአንዱ አባት፣ ደግ ሰው፣ “ጉዳዩን ከላይ አስጨርስላችኋለሁ” የሚል ደላላ አግኝቶ በሬ ሊሸጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ደርሼ ያዝኩት። ወገኖቼ፣ ይህን ከፍሪጃችሁ ላይ ለጥፉት፤ የዩኔስኮው ፈንድ ለማመልከት ምንም አያስከፍልም። ሌሎቹም ትክክለኛ ሰጪዎች “መጀመሪያ ገንዘብ ላኩ” አይሉም። ክፈሉ የሚላችሁ ሰው ሰጪ ሳይሆን ተቀባይ ነው።

የሕጉንም ነገር ጠይቁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪክ ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ከመምጣቱ በፊት በሰብዓዊ መብትና መሰል ሥራዎች ላይ የተሰማሩ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቦ ነበር። አሁን ያ ገደብ ተነስቷል። ነገር ግን ድርጅቱ መመዝገብ፣ ሒሳቡን መያዝ፣ በየዓመቱ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። የአስተዳደር ወጪውም ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የእኛ ልጆች ገና ያልተመዘገበ ስብስብ ስለሆኑ ሕጋዊ ሰውነት ባለው ማኅበር ጥላ ሥር ነው ያመለከቱት። ይህ በጽሑፍ ውል ታስሮ፣ ገንዘቡ የሚወጣው ከአንድ በላይ በሆነ ሰው ፊርማ እንዲሆን ተደርጓል። በአንድ ልጅ የግል የባንክ ደብተር የሚገባ የሌሎች ገንዘብ ጓደኝነትንም ቤተሰብንም ይበትናል።

የመጨረሻው ጥያቄዬ “ሲያልቅስ?” የሚል ነበር። ወላይታ የፕሮጀክት አገር ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ብድር የተጀመረው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ እኛ ዋዱ የምንለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር እያደረሰ፣ መንገድ እየጠረገ ዓመታት ሠራ። በኋላ ቆመ፤ የቀረው ገበሬው የተማረው ነው። በሥራ ዘመኔ ደግሞ በአንድ ፕሮጀክት በነጭ ጋዝ የሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣ ተሰጠን። ጥሩ ማቀዝቀዣ ነበር። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ማቀዝቀዣው ቀረልን፤ ነጭ ጋዙን የሚገዛ ግን ጠፋ። ክትባት ይዤ በእግሬ ስወርድ ያን ባዶ ማቀዝቀዣ እያየሁ እወጣ ነበር። ስለዚህ ልጆቹ ማመልከቻው ላይ አንድ መስመር ጨመሩ፤ ከፕሮጀክቱ በኋላ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ። ይህ ነጭ ጋዝ አይፈልግም።

እንግዲህ ልጃችሁ አንድ ቀን ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣ ጥያቄዎቻችሁ እነዚህ ይሁኑ።

አንደኛ፣ ሰጪው ማነው? ጥሪው የወጣው በራሱ በድርጅቱ ነው ወይስ በሰው በሰው የተሰማ ነው?

ሁለተኛ፣ የውጭው አጋር ማነው? በቪዲዮ ስልክ አይተነዋል? ከዚህ በፊት ምን ሠርቷል?

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ በማን ስም፣ በየትኛው ሒሳብ ይገባል? ማን ማን ይፈርማል?

አራተኛ፣ በበጀቱ ላይ ዜሮ የተጻፈለት ማነው? ያ ሰው ያውቃል?

አምስተኛ፣ የማን ዜማ፣ የማን ጥበብ፣ የማን ፊት ነው የሚታየው? ተጠይቆ ፈቅዷል?

ስድስተኛ፣ ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆች ካሉ ማን አብሯቸው ያድራል፣ ማን አብሯቸው ይጓዛል? ብዙ ሰጪዎች የሕፃናት ጥበቃ መመሪያ ይጠይቃሉ፤ ወረቀት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እኛም እንጠይቅ።

ሰባተኛ፣ ባይሳካስ ምን እናደርጋለን?

የእኛዎቹ ውጤት ገና አልመጣም። ላይሳካም ይችላል፤ አመልካቹ ብዙ፣ የሚመረጠው ጥቂት ነው። ነገር ግን ትናንት ማምሻውን ከጎረቤቴ ግቢ የዘፈን ድምፅ ሰማሁ። በአጥሩ በኩል ብቅ ብዬ ሳይ አምስቱም ልጆች መሬት ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ተቀምጠዋል። እናታችን አንዱን እያቋረጡ “አይደለም፣ እንደገና” ይላሉ። ስልኮቹ ሁሉ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጠዋል። ያን ቀን ድምፃቸውን የቀረጸው ልጅ ከፊት ነው የተቀመጠው።

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባላል። ልጆቻችን ሸክሙን ብቻቸውን ተሸክመው ሌሊቱን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ እንዳይደፉ እንቀመጥላቸው። እንግሊዝኛ ባናውቅም መጠየቅ እናውቃለን።

ለሳምንቱ በቸር ያገናኘን።